አኮርዲዮኑን አትምቺው

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ዜማ ነው ወይስ በሬ እያረዳችሁ ነው?» አሉኝ በስልክ። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ዋልሽ የለ። የመጀመሪያ ቅጂዬን ሰምተው የሰጡኝ አስተያየት ይኸው ነበር።

ጋሼ የምላቸው መርሳ የሚኖሩ የአባቴ ጓደኛ ናቸው። በወጣትነታቸው ከአባቴ ጋር በአንድ የኪነት ቡድን ውስጥ አኮርዲዮን ይጫወቱ ነበር። አባቴ ዛሬ የለም። ሲኖር ግን በአምባሰል ቅኝት ያወጣት አንዲት የራሱ ዜማ ነበረችው፤ ሴት ልጁ ተድራ ከቤት ስትወጣ የሚጫወታት። እኔን በእሷ ሸኝቶኛል። ትዳሩ አልበረከተም እንጂ ዜማዋስ ምንም አልጎደላትም።

ታናሽ እህቴ ስትታጭ ታዲያ እግሯን አንፈራጣ «የአባዬ ዜማ ካልተጫወተልኝ ከዚህ ቤት አልወጣም» አለች።

«ማን ይጫወትልሽ?»

«አንቺ ነሻ! ልጅ ሆነሽ ቁልፎቹን ያስነካሽ የለም ወይ?»

ወይ ጣጣ! ዜማዋን ከአባቴ ሌላ አጥርተው የሚያውቋት ጋሼ ብቻ ናቸው፤ የእሳቸው ጣቶች ደግሞ በሪህ ተቆላልፈዋል፣ ከቤት መውጣትም ካቆሙ ቆይተዋል። ሄጄ እንዳልማር እኛ ካለንባት ወልድያ መርሳ የሚወስደው መንገድ በተኩስ የተነሳ አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን ይዘጋል። ስልክ ይሠራል፣ ዳታ የለም። ስለዚህ ከቢሮ ስመለስ በጆሮዬ የቀረውን ያህል እየተጫወትኩ በስልኬ እቀዳለሁ፤ መንገድ የተከፈተ ቀን ሚሞሪውን ለሚኒባስ ሾፌር እሰጣለሁ፤ ጋሼ በትንሿ ሬዲዮናቸው ሰምተው ይደውላሉ። ይደውላሉ ማለት፣ ያወርዱብኛል።

«ወናፉ ምን ሆኗል? ያንቋርራል እኮ!»

«ተቀዶ ነበር ጋሼ። ጎሚስታ ጋ ወስጄ አስለጠፍኩት።»

«ጎሚስታ?»

«ታዲያ ወልድያ ውስጥ አኮርዲዮን የሚጠግን ማን አለ? በጎማ ካላማዳሪያ ቁራጭና በማስቲሽ ለጠፈው።»

«ያ ረቢ! አስነፋሽውም እንዴ?» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ጎሚስታው የሚያውቀውን ነው የሠራው፤ የመኪና ጎማ ሲለጥፍ እንደሚያደርገው ዳርዳሩን ሞርዶ፣ አጣብቆ፣ በመዶሻ ደብድቦ። ወናፉ ግን ተለጥጦ የሚታጠፍ ነገር ነው፤ በሳብኩት ቁጥር ልጣፉ ይንጫጫል።

ከዚያ ቀን በኋላ ምንም ብልክ አስተያየታቸው አንድ ሆነ፤ ጉልበትሽን ቀንሺ ነው። «አትምቺው።» ግራ እጅሽ ዘገየ ይሉና፣ «አትምቺው።» ሁለተኛው ዙር ላይ ቸኮልሽ ይሉና፣ «አትምቺው ብያለሁ!» አንድ ቀን ስቀዳ ከጫፍ ሰፈር ተኩስ ተጀመረ። እልኬ ነው፣ አላቆምኩም። ቆርቆሮው እየተንቀጠቀጠ እስከ መጨረሻው ተጫወትኩና ላክሁላቸው። አሁን እንኳ ጎበዝ ይሉኛል ብዬ ነበር።

«ተኩሱን ሰምቸዋለሁ» አሉ። «እኔን ግን ያስፈራኝ ያንቺ እጅ ነው። ምን አድርጎሽ ነው እንዲህ የምትደበድቢው?»

ደሜ ፈላ። «አባቴን ገድሎት ነዋ!» ብዬ ጮህኩ።

ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ጦርነቱ ከተማችን የገባ ጊዜ የታጠቁ ሰዎች ቤታችንን ሲበረብሩ አኮርዲዮኑን ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አወረዱት። ውስጡ የተደበቀ ነገር አለ ብለው አንደኛው ሳንጃውን ወናፉ ላይ ሰካው። እስከዚያ ድረስ አባቴ ቃል አልተነፈሰም ነበር። ያን ጊዜ ግን «ተው! እሱን አትንካ!» ብሎ የሰውየውን እጅ ያዘ። እየጎተቱ አወጡትና ደጃፉ ላይ ገደሉት። እኔና እህቴ ጓዳ ውስጥ ተቃቅፈን ሰማን። ሰው ለልጁ ይሞታል፤ የእኔ አባት ግን ልጆቹን ጓዳ ትቶ ለሳጥን ሞተ! ይህ ነው አንጀቴን የሚያሳርረው። ጥጉ ላይ ባየሁት ቁጥር በመጥረቢያ ልፈልጠው ያምረኛል።

ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ።

«አኮርዲዮኑ የእኔ ነው» አሉ።

«ምን?»

«ያባትሽ ይህንኑ የሚመስል ነበር፤ ቀደም ብሎ ተበላሽቷል። ያ ነገር ሳይመጣ መርሳ ያሰጋል ብዬ የእኔን እናንተ ቤት አስቀመጥኩት። አደራ አልኩት። ወላሂ፣ ከዚህ ሌላ ቃል አልተናገርኩም፤ አደራ ነው ያልኩት።»

ዓይኔ ደም ለበሰ። ምን እንዳልኳቸው ልጻፈው ብል ወረቀቱ ያፍራል። ሽማግሌ አይሉ፣ አባት አይሉ፣ በአፌ የመጣውን ሁሉ ወረወርኩባቸው። «በአደራዎ ነው የሞተ! እጅዎ ይቆረጥ!» አልኳቸው፤ ያ በሪህ የተቆላለፈ እጅ። ስልኩን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት፤ መስታወቱ ተሰነጠቀ። አኮርዲዮኑን በእርግጫ ስለው የሚያቃስት ድምፅ አወጣና ተንከባለለ።

እህቴ ድምፁን ሰምታ ገባች። አነሳችው፣ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገችለት፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ሁሉን ነገርኳት።

«እና አሁን ማንን ልትቀጪ ነው?» አለች። «አባዬ አደራ በልቶ ቢሆን ኖሮ ትወጂው ነበር? ሠርጌ ደርሷል። እንደ ሬሳ በዝምታ ልውጣ?»

በማግሥቱ ቀድቼ ላክሁ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅኩም። ጋሼም ደወሉ፤ እሳቸውም ስለዚያ ነገር አላነሱም። «ግራ እጅሽ ተስተካክሏል» አሉ። ቀጥለው ቀስ ብለው «አሁንም ትመቺዋለሽ» አሉ። መታሁት፤ እስከ ሠርጉ ዋዜማ ድረስ መታሁት። እጄ እንቢ አለ።

የሠርጉ ቀን የሙሽራው ወገን ከግራና ከተማ በጠዋት መጣ። ገና ምሳው ሳይነሳ መንገዱ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ሚዜዎቹ «ቶሎ! ቶሎ!» እያሉ ድንኳኑን አመሱት። ለጋሼ ደውዬ ስልኬን በድምፅ ማጉያ ከፈትኩትና የአኮርዲዮኑ ማንገቻ ሥር ሰካሁት። እህቴ በነጭ ቀሚሷ መሃል ቤት ቆመች። ጀመርኩ።

ጀመርኩ ማለት ደበደብኩት። ዓይኔ ደጃፉን አየ፤ ያንን ቦታ። ክንዴ ተቆጣ፣ ወናፉን በሙሉ ጉልበቴ ሳብኩት፣ የጎሚስታው ልጣፍ ተላቀቀ። ፉሽሽሽ! ዜማው መሃል ላይ ሞተ። ከስልኩ ውስጥ ጋሼ «ያ አላህ!» ሲሉ ሰማሁ። አንዱ ሚዜ «በቃ፣ በቴፕ እንክፈት፣ መንገዱ ሊዘጋ ነው!» ብሎ ጮኸ። በቁሜ አለቀስኩ። አኮርዲዮኑን አሽቀንጥሬ ልጥለው ማንገቻውን ከትከሻዬ ማውለቅ ጀመርኩ።

እህቴ አይነርግቧን ገልጣ መጣች። ሂና የተቀባ እጇን የሳንጃው ቅድ ላይ አድርጋ ጫን አለችው።

«ተጫወቺ» አለች።

ሳብኩ። ነፋሱ ያዘ። ወናፉ ሲከፈት እጇ አብሮ ይሄዳል፤ ሲዘጋ አብሮ ይመለሳል። ቸኩዬ ብስበው እጇ ይንሸራተታል፤ ጨክኜ ብዘጋው ጣቶቿ እጥፋቱ ውስጥ ይቆነጠጣሉ። እንደዚያው ጎን ለጎን ሆነን መራመድ ጀመርን፤ እኔ አኮርዲዮኑን እንዳነገትኩ፣ እሷ ቅዱን እንደያዘች። ደጃፉን አለፍነው። አባታችን የወደቀበት ድንጋይ ላይ ስንደርስ ሁለታችንም አልቆምንም። የመኪናው በር ጋ ስትደርስ ዜማው አለቀ። እጇን አነሳች፣ ጉንጬን ሳመችኝ፣ ገባች። ሚዜዎቹ በሩን ዘግተው ጥሩምባቸውን እያስጮኹ ሄዱ።

አቧራው ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ስልኩ አልተዘጋም ነበር።

«ጋሼ፣ ሰሙ?»

«ሁለተኛው ዙር ላይ ቸኩለሻል» አሉ። ድምፃቸው ተሰባብሯል። «ግን አልመታሽውም። ዛሬ አልመታሽውም ልጄ።»

«እንዴት አድርጌ ልምታው ጋሼ?» አልኳቸው። «የእህቴ እጅ እኮ እሱ ላይ ነበር።»