የተንጠለጠለው ጫፍ

ኔትወርክ ጠፍቶ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ሲጠብቀው የመጣው ባለሙያ ጥድፊያ የሚባል ነገር አያውቅም። ጠጉሩ ገብስማ ነው። ኮቱ ቢያረጅም አንድ የላላ ቁልፍ፣ አንድ የተንጠለጠለ ክር አይታይበትም። የየቢሮው ገመድ ወደሚገናኝበት ስዊች ሄደና የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ ሰው መዳፉን አሳረፈበት።

መብራቶቹ ሁሉ እንደ እብድ ብልጭ ድርግም ይላሉ።

“አልሞተም” አለ። “እንዲያውም ወሬ በዝቶበታል።”

እያንጎራጎረ ገመዶቹን አንድ በአንድ በጣቱ ይከተል ጀመር። አጠገቡ የቆመችውን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ግን እንጉርጉሮው አልጣማትም። ጠዋት አቧራ ስትጠርግ የአንድ ገመድ ጫፍ ተንጠልጥሎ አይታ፣ ክፍት ቀዳዳ ፈልጋ ሰክታው ነበር። ጣቱ እዚያ ሲደርስ የአቧራ ጨርቋን ከኋላዋ ደበቀች። ለካ የገመዱ ሌላኛው ጫፍም የተሰካው እዚያው ስዊች ላይ ኖሯል፤ የተላከው ሁሉ እየዞረ እዚያው ይመለሳል።

ሰውየው ጫፉን ነቀለው። መብራቶቹ ረጋ አሉ፤ ከየክፍሉ “መጣ! መጣ!” ተባለ።

“ምን ሆኖ ነው?” አሉ አለቃዋ ከበሩ ላይ።

ሰውየው እሷን አየት አደረገና “ራሱን አዙሮት ነው ጌታዬ። አሁን ተሽሎታል” አለ።

አለቃው ሲሄዱ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“አይዞሽ እህቴ፣ የኔዋም የተንጠለጠለ ነገር አይታ አታልፍም” አለና የኮቱን ቁልፎች ዳበስ ዳበስ አደረገ። “ይኸው ሃያ ዓመት የሰው ኔትወርክ እጠግናለሁ፤ የቤቴ ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ሠርቶ አያውቅም።”