የሐሙሱ የቤት ሥራ

ነጅላ ፈሪ ናት። ላማት ፈልጌ አይደለም፤ ራሷም ትለዋለች። ጠዋት ጠዋት ከጅማ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር በሚኒባስ ተሳፍራ የቡ ከተማ ያለው ትምህርት ቤታችን ስትደርስ፣ ገና ሰላም ሳትለኝ «ትናንት ክፍል ውስጥ ስላልኩት ነገር የሰማኸው አለ?» ትለኛለች። እኔ ጂኦግራፊ ነው የማስተምረው፤ ተራራ ስሜን አነሳህ ብሎ አይከስም። እንደ እሷ ያለ የታሪክ መምህር ግን አፉን በከፈተ ቁጥር የአንዱን አያት ይነካል፤ ተማሪው ደግሞ ስልክ ይዟል።

አንድ ሰሞን ግን ደፈረች። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቿን «ቤተሰባችሁ የቡ እንዴት እንደመጣ አዛውንት ጠይቁና ሐሙስ ለክፍሉ ትናገራላችሁ» አለቻቸው። እኔም አደነቅኳት። በዚህ የቡና አገር አመጣጡ ሳይጠየቅ አብሮ የኖረ ስንት ሰው እንዳለ ሁለታችንም አላሰብንም።

ረቡዕ ዕለት አባ ዱራ መጡ። የተማሪዋ የሩፈይዳ አያት ናቸው። ከግቢው በር አልፈው አልገቡም፤ እኛው ሄድንላቸው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አባቴ የቡ ወዶ አልመጣም። በልጅነቱ ተሸጦ ነው የመጣው። ሩፈይዳ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ወላሂ፣ መዋሸት አቃተኝ።»

«ታዲያ ይሄ ለእርስዎ ምን ነውር አለው፣ አባ ዱራ?»

«አንቺ ዘንድ የለውም። ታላቅ እህቷ ግን ከዒዱ በኋላ ኒካ አላት። አማቾቻችን የአሰንዳቦ ሰዎች ናቸው፤ አያውቁም። የሙሽራው የአጎት ልጅ ሬድዋን ከሩፈይዳ ጋር ነው የሚማረው። እሱ ከሰማ ኒካው ቀረ። አደራሽን።»

ነጅላ ሩፈይዳን ብቻ ብትዘላት ክፍሉ በሙሉ ለምን ማለቱ አይቀርም።

ሐሙስ ፊቷ አመድ መስሎ መጣች። ብቻዬን አልችልም ስላለችኝ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«የቤት ሥራውን ሌላ ቀን እንሰማለን። መጽሐፍ አውጡ፣» አለች ነጅላ።

ሩፈይዳ እጇን አወጣች። ይህች ልጅ ክፍል ውስጥ እጇን ስታወጣ አይተናት አናውቅም።

«ቲቸር፣ እኔ ተዘጋጅቻለሁ።»

የእህቷን ኒካ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ቢሆንም ተነስታ ቆማለች።

«ተቀመጪ፣» አለች ነጅላ፣ ሳታያት።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። ልማዳችን አንድ ተማሪ እያነበበ መምህሩ ወደ አማርኛና ወደ ኦሮምኛ መተርጎሙ ነው። ለማንበብ የተነሳው ሬድዋን ነበር። ርዕሱ የጥንቱ የሩቅ ንግድ ነው፤ ነጅላ ከጭንቀቷ የተነሳ ገጹን አስቀድማ አላየችውም።

«ከዚህ አገር ወደ ውጭ ይላኩ የነበሩ ሸቀጦች፣» ብላ ጀመረች፣ «ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ…»

ድምፅዋ እዚያው ላይ ቆመ። ሬድዋን ቃሉ የጠፋት መስሎት አገዛት።

«ባሪያ፣» አለ፣ ጮክ ብሎ።

ክፍሉ ጻፈ። ሩፈይዳም አቀርቅራ ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ መምህሯን አየቻት።

«ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?»

«ይመጣል፣» አለች ነጅላ።