የሽብሩ ማግኔትና የእትዬ ጣቢታ ላም

ሽብሩ አናጢው ጣሪያ ላይ ሲወጣ አምስት ስድስት ምስማር በከንፈሩ ይይዛል፤ ይዞም ያወራል። ከታች ሆኖ የሚሰማው ሰው ግማሹን ብቻ ስለሚረዳ ይመስለኛል ብዙ ጊዜ ከማንም ጋር ሳይጣላ የኖረው። እኔ ያኔ፣ በጃንሆይ ዘመን በሃምሳዎቹ አጋማሽ፣ ሆሳዕና ከተማ ስድስተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ሽብሩ ጎረቤቴ ነው። ታሪኩን ሌላ ሰው እያጣመመ ሲያወራው ደሜ ስለሚፈላ እኔው ልንገራችሁ።

ዘመኑ የቆርቆሮ ዘመን ነበር። ትናንት በሣር ክዳን ቤቱ የሚኮራው ሁሉ ዛሬ ቆርቆሮ ያምረዋል። ሽብሩም ከጊምቢቹ እስከ ዶዮገና ይፈለግ ነበር። እጁ ፈጣን ነው፤ ግን ምስማር ያንጠባጥባል፤ የወደቀውንም አያነሳም። "ለአንዲት ምስማር ብዬ ስወርድ አንድ ቆርቆሮ መትቼ እጨርሳለሁ" ይል ነበር።

ስንፍናው አንድ ቀን ጉድ አመጣበት። ጋሽ ሀብቴ የሚባሉ ገበሬ ቤታቸውን ካስከደኑት ሁለት ወር ሳይሞላ የምትታለብ ላማቸው መብላት ተወች። ማመንዠክ አቆመች፤ ጀርባዋን አጉብጣ ስታቃስት ሰነበተችና ሞተች። ሆዷ ሲከፈት አንድ ራሰ ሰፊ የቆርቆሮ ምስማር ወደ ልቧ አቅጣጫ ተሰክቶ ተገኘ። ላም እንደ ፍየል አትመርጥም፤ ከሣሩ ጋር ያገኘችውን ጠቅልላ ትውጣለች። ጋሽ ሀብቴ ምስማሩን በመዳፋቸው ይዘው ሽብሩ ቤት ድረስ መጡ። እሱም "ምስማር ሁሉ አንድ ነው፤ የእኔ መሆኑን በምን አወቁ?" አላቸው። ሽማግሌው ምስማሩን ኪሳቸው ከተው ሄዱ። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ በጥፊ ስላላለው እጄን አመሰግናለሁ።

በእኛ አገር የሰው ክብር በከብቱ ነው። ወሬው ገበያ ገባ፤ ሽብሩም "ላም ገዳዩ" ተባለ፤ ለሥራ የሚጠራው ጠፋ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእሱ ስም ግን ባለቤቱ በቁሙ ሳለ ሊቀበር ነበር። ዓመት ሊሞላው ሲል መጋዙንና መዶሻውን በጆንያ ቋጥሮ ወደ ዱራሜ ሊሰደድ ተነሳ። "እዚያ ላሞቹ አያውቁኝም" አለኝ። ቀልዱ እንኳን አላሳቀኝም።

በዚያው ሳምንት እትዬ ጣቢታ መጡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ በአንዲት ላም ቅቤ ሁለት ልጆች የሚያስተምሩ ሴት ናቸው። ቆርቆሮውን ወንድማቸው ከአዲስ አበባ ልኮላቸዋል።

"አንተን የመረጥኩህ ሌላው አናጢ ሁሉ ሥራ ስለያዘ ነው" አሉት፤ እትዬ ጣቢታ ማባበል አያውቁም። "ምስማርህ ላሜ ሆድ ከገባች ግን ልጆቼ ከትምህርት ቤት ይወጣሉ። አንተም ከዚህ አገር ትወጣለህ።"

ሽብሩ እሺ አለ፤ ከዚያ በኋላ ነው የፈራው። ሲተክዝ አይቼ ምስማር የሚለቅም ነገር አለ ብዬ ወደ ረሻድ ሱቅ ወሰድኩት። የረሻድ ሬዲዮ ከመደርደሪያ ወድቆ ተሰባብሮ ነበር፤ ከድምጽ ማጉያው ጀርባ እንደ ወፍራም ቀለበት ያለ ጥቁር ማግኔት ወጥቷል። ሦስታችን የሱቁን ዕቃ በማግኔቱ ስንፈትሽ ዋልን። ምስማር ሳበ፤ መርፌ ሳበ፤ ምላጭ ሳበ፤ የቆርቆሮ ጣሳ ሳይቀር ተጣበቀበት። የነሐስ ቃጭሉን ዝም አለው። የመዳብ ሳንቲምና የብር ሽልንግም አልነኩትም።

"ብር ቢስብ ኖሮ ለአንተ እሰጥህ ነበር?" አለው ረሻድና ማግኔቱን በነጻ ሰጠው።

ሽብሩን ያስገረመው ሌላ ነበር። ማግኔቱ ላይ የተንጠለጠለው ምስማር በጫፉ ሌላ ምስማር ያንጠለጥላል፤ ሁለተኛውም ሦስተኛውን። የላይኛውን ከማግኔቱ ሲያላቅቀው የታችኞቹ ረገፉ። ብረት ከማግኔት ጋር እስካለ ድረስ እሱም ማግኔት እንደሚሆን፣ ሲለይ ግን ኃይሉ እንደሚከዳው አስረዳሁት። በማግኔት ደጋግመው ወደ አንድ አቅጣጫ ያሹት መርፌ ግን ኃይሉን ይዞ ይቀራል። እንዲህ ያለውን መርፌ በደረቅ ቅጠል ላይ አድርጌ ውሃ ላይ አንሳፈፍኩለት። መርፌው ዞሮ ዞሮ ጫፉን ወደ ሰሜን አደረገ። ቢያዞረው ተመለሰ፤ ደግሞ ቢያዞረው ደግሞ ተመለሰ።

"ሰሜኑን ማን ነገረው?" አለኝ።

"ምድር ራሷ ትልቅ ማግኔት ናት" አልኩት። ረሻድ መምህር ሲዋሽ አያፍርም አለና ሳቀ። ሽብሩን አንድ ነገር አስጠነቀቅኩት፤ ማግኔት እሳት ከነካው ወይም በመዶሻ ከተቀጠቀጠ ይደክማል። አናጢ ከመዶሻ የሚሸሽገው ዕቃ ሲይዝ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ማግኔቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ከጣውላ ሥር አሰረው። ጨርቁ መሳቡን አይከለክለውም፤ ሲፈታው ግን የተለቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይራገፋል። ጣሪያውን መትቶ እንደጨረሰ ጣውላውን በገመድ እየጎተተ የእትዬ ጣቢታን ግቢ እንደሚያርስ ሰው ይመላለስበት ጀመር። ሰፈሩ አጥር ላይ ተደርድሮ "ሽብሩ፣ ምን ልትዘራ ነው?" ይለዋል። እሱ አልሰማቸውም። ሃያ ሦስት ምስማር፣ ሁለት ምላጭና አንድ የዛገ ቁልፍ ለቀመ።

ቤቱ ሲመረቅ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች መጡ፤ ወለሉ ላይ ለምለም ሣር ተጎዘጎዘ፤ ቆጮው በአይብና በቅቤ ቀረበ፤ ተጸለየ፤ ተዘመረ። በማግስቱ ጠዋት ሽብሩ ፊቱን ሲታጠብ አንድ ነገር ትዝ አለው፤ የጠረገው ግቢውን ነው፣ የቤቱን ውስጥ አይደለም። ማግኔቱን ይዞ ሮጠ። ግራ ገብቶኝ እኔም ተከተልኩት።

እትዬ ጣቢታ የተጎዘጎዘውን ሣር ሰብስበው ታቅፈው ወደ ላሚቱ እያመሩ ሳለ ደረስን። እንዲህ ያለ ሣር የሚጥል ሰው በእኛ ዘንድ የለም። ላሚቱም አንገቷን ዘርግታ ትጠብቃለች።

"ትንሽ ይቆዩኝ፣ እትዬ። ሣሩን ልፈትሸው።"

"ትናንት ጨርሻለሁ አላልክም?"

"ግቢውን ነው። ቤቱን ረስቼው።"

ተበሳጭተው ሣሩን መሬት ላይ ጣሉለት። እፍኝ እፍኝ እያነሳ ማግኔቱ ላይ ያራግፍ ጀመር። ሊያልቅ ሲል ጠቅ አለ። ማግኔቱን ሲገለብጠው ግን የተጣበቀው ምስማር አልነበረም። ረጅም፣ ጫፉ የሾለ የስፌት ወስፌ ነው።

እትዬ ጣቢታ ጠጋ ብለው አዩት። "የእኔ ነው" አሉ። "ጎረቤቴ አበራሽ ወስዳ አስቀረችብኝ እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ሳማት ሰነበትኩ።"

ሽብሩ ወስፌውን አላቅቆ ሰጣቸውና የቀረውን ሣር መፈተሹን ቀጠለ። ሌላ አልተገኘም።

"ላሜ ብትሞት ኖሮ" አሉ እትዬ ጣቢታ፣ "ሆዷን ሳላስከፍት አንተን ነበር የምረግመው።"

"አውቃለሁ" አለ ሽብሩ። "አንድ ጊዜ ጋሽ ሀብቴን ክጃለሁ። ከእንግዲህ የእኔ አይደለም ብል ማን ያምነኛል?"

እሑድ በጸሎት ቤት ምስክርነት ያለው ሲባል እትዬ ጣቢታ ተነሡ። አበራሽን ማማታቸውን ተናገሩ፤ ሽብሩንም በልባቸው አስቀድመው መፍረዳቸውን ተናገሩ። "አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ በእኔ ወስፌ የሰው ልጅ ላጠፋ ነበር" ብለው ተቀመጡ። ጉባኤው ሳቀ፤ አበራሽም ሳቀች። ከዚያ ሽብሩ ብድግ አለ። ፊት ለፊት የተቀመጡትን ጋሽ ሀብቴን አየ። ያን ቀን በከንፈሩ ምስማር አልነበረም፤ ቃሉን ሁሉም ሙሉውን ሰማ።

"የጋሽ ሀብቴ ላም" አለ፣ "በእኔ ምስማር ነው የሞተችው። ያን ቀንም አውቅ ነበር።"

አንገቴን ደፋሁ፤ ለእሱ ፈርቼለት ነበር።

"ተቀመጥ፣ ልጄ" አሉ ጋሽ ሀብቴ። "ላሟንማ ድሮ ረስቻታለሁ። ዓመቱን ሙሉ የጠበቅኩት ይህችን ቃል ነው።"