የእትዬ የሻረግ ተራ

ዛሬ ጠዋት በምሠራበት ጉንደ ወይን አንዲት ላም እያከምኩ ስልኬ ጠራ። አብሮኝ የተማረው ሀብታሙ ነው። «እትዬ የሻረግ አረፉ» አለኝ። «የትኛዋ የሻረግ?» አልኩት። ሌላ የሻረግ የማውቅ ይመስል።

ባለፈው ሳምንት እኮ በስልክ ሲስቁብኝ ነበር። ሆስፒታል የገቡትም «ትንሽ ምርመራ ነው» ብለው ነው። ቀብረናቸው ተመልሼ እንኳ አላመንኩም።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። እትዬ የሻረግ ደብረ ማርቆስ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ያከሙ ሐኪም ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ሲሉ አንድ ፕሮጀክት መጣና በየገጠሩ ጥንቸል አደለ። አርቡ፣ ብሉ፣ ሽጡ ተባለ። ጎጃም ውስጥ ጥንቸል ማን ይበላል? የፕሮጀክቱ ሰዎች አንድ ሽማግሌ እንኳ አልጠየቁም። አበላቸውን በልተው፣ ፎቷቸውን ተነስተው ሄዱ። ጥንቸሎቹ ሜዳ ላይ ተጣሉ፤ የውሻ መጫወቻ ሆኑ።

በካርቶን እየለቀሙ ወደ ግቢያቸው ያመጧቸው እትዬ ናቸው። ሰርቪስ ክፍሉን ለቀቁላቸው። እኛ ያኔ የእንስሳት ጤና ተማሪዎች ነበርን፤ ስለ ላምና ስለ በግ እንጂ ስለ ጥንቸል የነገረን ሰው የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ እየጠሩ አስተማሩን። ጆሮዋን እከክ የያዛትን ቅርፊቱን አትገንጥሉ፤ መጀመሪያ በዘይት አለስልሱት። ጥርሷ ያደገባትን እንዲህ አድርጋችሁ ከርክሙላት። መብላት ያቆመችውን ደግሞ ነገ አያታለሁ አትበሉ፤ እስከ ነገ አትቆይም።

አያያዝ ላይ ምሕረት የላቸውም። ጥንቸል ከሥር ካልተደገፈች ስትፈራገጥ ወገቧ ይሰበራል። ሀብታሙ በመጀመሪያው ቀን አንዷን በጆሮዋ አንጠልጥሎ ቢያነሳ እጁን ቸብ አደረጉትና «ጆሮ እጀታ አይደለም፤ ከሥር ደግፍ» አሉት። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ አንድ አባት ልጁን በጆሮው እየጎተተ ሲያልፍ፣ ድንች ከመምረጥ ቀና ሳይሉ «ጆሮ እጀታ አይደለም» አሉት። ሰውየው ደንግጦ ለቀቀው።

ከተማው ስቆባቸዋል። «የጥንቸል እናት» ይሏቸው ነበር። ለእሱስ ግድ አልነበራቸውም። የሰበራቸው የማኅበራቸው ነገር ነው።

የሚካኤል ጽዋ ተራቸው ደርሶ፣ ጠላ ጠምቀው፣ ድፎ ደፍተው ሲጠብቁ ማኅበርተኞቹ አንዲት ሴት ላኩባቸው። ቅዳሜ ስለነበር ከተማሪዎቹ እኔ ብቻ እዚያው ነበርኩ። ሴትዮዋ ከበር ሳታልፍ፣ «ርኩስ እንስሳ ካለበት ቤት ጽዋ አንጠጣም፤ ተራዎ ለዚህ ዓመት ይለፍ ተብሏል» አለች።

እትዬ «አህያ ትበላላችሁ?» አሏት።

«ኧረ በስመአብ!»

«ታዲያ ጓሯችሁ የታሰረው ምንድን ነው? እናንተ ቤት ስጠጣ ስለ አህያችሁ አንድ ቀን ጠይቄ አውቃለሁ?»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። የመጡት የንስሐ አባታቸው ብቻ ናቸው። «የተከለከለው መብላቱ ነው እንጂ ማሳደሩ አይደለም፤ ነግሬያቸው ነበር» አሉ። ባርከው ቆረሱ፤ እትዬ ተቀብለው ለእኔ ሰጡኝ። ያ ሁሉ ድፎ ለሦስት ሰው። እትዬ ቀኑን ሙሉ በሩን አልዘጉትም። ሰው ከመጣ ብለው ነው። በማግስቱ የተረፈውን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላሉት የኔ ቢጤዎች ወሰድነው፤ እነሱ አልተጸየፉም።

ዛሬ ድንኳኑን የሞሉት እነማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? እነዚያው። የማኅበሩ ሰብሳቢ ፊት ተቀምጠው ንፍሮ እየዘገኑ «ደግ ሴት ነበረች» ይላሉ። የእትዬን ደግነት መቼ ቀምሰው አወቁት?

ይባስ ብሎ ከቀብር ስንመለስ የጥንቸሎቹ ክፍል ወለል ብሎ ተከፍቷል። ለድስትና ለሳህን ቦታ ተፈልጎ ጥንቸሎቹን ግቢው ውስጥ ለቀዋቸዋል። ውሻ ገብቶ ሁለቱን ጨርሷል። ማን ነው የከፈተው ብዬ ብጠይቅ አንዷ «ለጥንቸል ብለን ለቀስተኛ ይቸገር?» አለችኝ። የመለስኩላትን እዚህ አልጽፈውም።

የቀሩትን ከሀብታሙ ጋር በጉልበታችን እየዳህን ከለቀስተኛው ወንበር ሥር ለቀምናቸው። ጆሮው የተቀደደው ሽማግሌው ጥንቸል፣ ከሁሉ ቀድሞ ካልበላ ስለሚቆጣ እትዬ «ሹሜ» ያሉት፣ የተገኘው ከሰብሳቢው ወንበር ሥር ነው። ሰውየው እግራቸውን ሰበሰቡ፤ ንፍሮውን ግን አላስቀመጡም።

እትዬ፣ ሹሜ አሁን ጭኔ ላይ ነው። ከሥር ደግፌዋለሁ፤ አይስጉ። ነገ ሁሉንም ይዣቸው ጉንደ ወይን እሄዳለሁ። እዚያም ይስቁብኝ ይሆናል፤ ይሳቁ።

ያን ቀን በሩን ከፍተው የጠበቋቸው ዛሬ አንድ ሳይቀሩ መጥተዋል። ቤትዎ ገብተው በሉ፣ ጠጡ። እርስዎ ብቻ የሉም።

እኔ እዚያ ድንኳን ውስጥ እህል አልቀመስኩም። ደህና ይሁኑ፣ እትዬ። ያን ቅዳሜ በእጅዎ የሰጡኝ ድፎ ይበቃኛል።