በሱዋ የቆመ አዳራሽ

ዛሬ አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው የተቀባው ሽቶ ከወንበሬ አስነሳኝ። እንደዚያ የሚሸት መሐረብ አውቃለሁ።

በጃንሆይ ዘመን፣ አስመራ፣ የዓባ ሻውል ሰፈር መዝናኛ ቤታችን ጠበበ ተባለና ገጀረት ሰፈር አዲስ አዳራሽ እንዲሠራ እናቶቻችን ሁለት ክረምት ሙሉ ሱዋ፣ ያው ጠላ፣ እየጠመቁ ሸጡ። በምረቃው ቀን ጎረቤታችን አደይ ለተብርሃን እንስራቸውን አዝለው በሩ ላይ ደረሱ። ከአዲስ አበባ የመጣው ሹም አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ፣ "ይሄ ነገር አዳራሹን ያገማዋል፤ ውጭ ይቅር" አለ።

ከትምህርት ቤት አማርኛ የቀሰምኩት እኔ ስለነበርኩ፣ አንዲት ቃል ሳልቀንስ በትግርኛ ነገርኳቸው።

"ግድግዳውስ፣ ጓለይ?" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "እሱም በሱዋ የቆመ ነው። ንገሪው እንጂ።"

አልነገርኩትም። ሹሙ "ጎበዝ ልጅ" ብሎ በዚያው መሐረብ ላቤን ሲጠርግልኝ ፈገግ አልኩ።

ዛሬ ቤቴ ገብቼ ፊቴን ሁለቴ ታጠብኩ። ሽታው አለ።