ወናፉ ሲቆም

ልጅ ሳለሁ፣ ቀኑ መሸት ሲል የምሄድበት አንድ ቦታ ብቻ ነበረኝ፤ የጎረቤታችን የአያ ቢተው የብረት መቀጥቀጫ ጎጆ። አያ ቢተው ከኮሶዬ ለሚመጡ ገበሬዎች ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር። ቤተ እስራኤል ናቸው፤ ዘመዶቻቸው ወደ እስራኤል ሄደው እሳቸው ከልጅ ልጃቸው ከወርቄ ጋር ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። ያኔ ሰው ማናገር ስለምፈራ ከወርቄ በቀር ጓደኛ አልነበረኝም። «ሳትነግሪኝ እንዳትሄጂ» ብያት «እናቴ ትሙት!» ብላ ምላልኛለች።

ሥራ ሲያበቃ፣ ፍሙ ገና ቀይ ሳለ፣ አያ ቢተው የነቢዩ ኤልያስን ታሪክ ያወሩልናል። ኤልያስ ተራራው ላይ ቆሞ ነፋስ መጣ ሲሉ እኔና ወርቄ እየተጋፋን ወናፉን እንነፋለን፤ ምድር ተናወጠች ሲሉ እሳቸው መዶሻውን ያሳርፋሉ፤ እሳት ሲሉ ፍንጣሪው ይበተናል። «እግዜር ግን በነዚህ ውስጥ አልነበረም» ብለው እጃቸውን ሲያነሱ ወናፉን እንለቀዋለን። ያኔ የፍሙ ጠሽ ጠሽ ማለት ብቻ ይሰማል።

«ከዚያ ድማማ መጣ። ቃሉ የዕብራይስጥ ነው» ይላሉ።

«ዝምታ ማለት ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን በሹክሹክታ።

«ምነው ልጄ፣ ዝምታማ ድንጋይም ዝም ይላል። ድማማ የሚያናግርሽ ያለበት ዝምታ ነው።»

«እንግዲያው ድማማ እሷው ናት፤ አፍ የላትም!» ብላ ወርቄ ሳቀችብኝ።

አንድ ምሽት ግን ወናፉ ሲቆም ወርቄ አልሳቀችም፤ አቀርቅራ የእግሯን ጣቶች ታያለች። «ነገ ቆሎ ይዤልሽ እመጣለሁ» አልኳት። ዝም አለች። አያ ቢተውም ዝም አሉ። እኔ ግን ድማማው መጣ ብዬ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ቆሎዬን በኪሴ ይዤ ስደርስ የቤታቸው በር ተቆልፏል። ጎረቤታቸው እማማ ጥሩዬ ግቢ ይጠርጋሉ።

«ሄዱ እኮ ልጄ! የጉዞ ቀን አይወራም፣ ዓይን ይበላዋል ብለው ነው። ወናፉን ላንቺ ትተውልሻል።»

«እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«ሳምንቱን ሙሉ።»

«ወርቄስ?»

«ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ነው የሰነበተችው!»

ጎጆው ገብቼ አመዱን ነካሁት። ገና ይሞቃል።

አሁን ወናፉ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ቆዳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ወርቄ አንድም ቀን አልደወለችም። ክፉ ሰዎች እንዳልነበሩ፣ ዓይን ፈርተው እንደሆነ ይገባኛል። ግን ዓይናቸው ከተፈራ ሰዎች አንዷ እኔ ነበርኩ።

አንዳንዴ ቤቱ ውስጥ ሰው ሳይኖር ወናፉን አውርጄ እነፋዋለሁ። ከዚያ እለቀውና ጆሮዬን አቆማለሁ።

ድንጋይም እንዲህ ዝም ይላል።