የባሕሩ ባለርስቶች

ዳንግላ ጂኦግራፊ ሳስተምር የባሕር ሊቅ ነበርሁ። ያየሁት ትልቁ ውኃ ዘንገና ሐይቅ ነው፤ እሱንም ከዳር ቆሜ። ዋና አልችልም። ይህ ግን ስለ ውቅያኖስ ጅረቶች ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ከመለፍለፍ አግዶኝ አያውቅም።

የድፍረቴ ምንጭ አንድ አሮጌ ካርታ ነው። ከምጽዋ የመጣ ነጋዴ ዕቃ ጠቅልሎበት አገኘሁትና ለመንሁት። "ውሰደው፤ ለመጠቅለያም እንቢ ብሎኛል" አለኝ። ዕድሜ አወይቦታል፤ ጀርባው በአቡጀዲ ተለብጧል። ሞቃቱ ጅረት በቀይ፣ ቀዝቃዛው በሰማያዊ ቀስት ይጥመለመልበታል። የብሱ ግን ባዶ ነው፤ አንድ ተራራ እንኳ የለበትም። ከግርጌው የአሳታሚዎቹ ስም በጌጠኛ ፊደል ተጽፏል፤ "እገሌና ልጆቹ" ይላል። ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬው ለመጣ እንግዳ ሁሉ፣ ሳይጠይቀኝ፣ አስረዳበት ነበር።

ያን ጊዜ ጎጃም ውስጥ ከካርታ ጋር መታየት ከጅብ ጋር ከመታየት ይከፋል። "መንግሥት ርስታችንን በቀላድ ሊለካው ነው" የሚል ወሬ አገሩን አስጨንቆታል። ገመድ የያዘ ሰው ሁሉ፣ በሬ ሊያስርበት እንጂ መሬት ሊለካበት አለመሆኑን አስቀድሞ ጮኾ ይናገር ነበር።

እኔ ይህን የት አውቄ! ግምጃ ቤት ከተማ አጠገብ የአንድ ገበሬ ልጅ ወድጄ ሽማግሌ ላክሁ። ፊታቸውን አጥቁረው ተመለሱ።

"ምን አሉ?"

"'ለቀላድ ጣይ ልጅ አልሰጥም' አሉ።"

"ቀላድ ጣይ? እኔ?"

"ቤትህ ካርታ መስቀልህን ሰምተዋል። ይዞት ይምጣና ልየው ብለዋል። አንተ ራስህ መሄድህ ወግ አይደለም፤ ግን መቼ ወግ ገብቶህ ያውቃል!"

ካርታዬን ጠቅልዬ ተከተልኋቸው። አባትየው መደብ ላይ ዘረጉትና ጣታቸውን በቀጥታ ባዶው ላይ አሳረፉ።

"ይኸ ነጩ ምንድን ነው?"

"የብስ ነው፣ አባቴ። አገራችንም እዚሁ ውስጥ ናት።"

"ለምን ባዶ ሆነ?"

"ካርታው የባሕር ስለሆነ ነው።"

"ባዶ መሬት ማለት ባለቤት የሌለው መሬት ነው። ነገ ለሹም ሊታደል ነዋ!" ወደ ሽማግሎቹ ዞረው በአዊኛ አንድ ነገር አሉ። አንደኛው ሊተረጉምልኝ አፉን ከፈተና ፊቴን አይቶ ተወው።

ልጅቷ ጓዳ ሆና ትሰማለች። ያለኝን ዕውቀት ሁሉ አወረድሁት፤ ነፋሱን፣ ጨውን፣ የምድርን መሽከርከር። በተለይ የምድር መሽከርከር አልጠቀመኝም።

"ይኸስ ጽሕፈት?" አሉ ግርጌውን እያሳዩ።

"የአሳታሚዎቹ ስም ነው። ፈረንጆች ናቸው፤ አባትና ልጆቹ።"

ቀና አሉ። "አባት ከነልጆቹ?"

"አዎ። አባትየው ሲሞት ልጆቹ ያዙት።"

"ርስት ነው በለኛ!"

"ምኑ?"

"ባሕሩ ነዋ! አባት ይዞት፣ ልጅ ወርሶት። አያችሁ?" አሉ ለሽማግሎቹ። "የራሳቸውን ድርሻ ጥንቅቅ አድርገው ቀቡ፤ የሰው መሬት ግን አልነኩም። ባዶውን የተዉት ለዚህ ነው። የጨዋ ዘር ናቸው!"

"ጨዋ ናቸው" አሉ ሽማግሎቹ ተቀብለው። አሳታሚ የባሕር ባለቤት አለመሆኑን ላስረዳ ስል አንደኛው እግሬን ረገጠኝ። በማስተማር ዘመኔ እንደዚያ የገባኝ ትምህርት የለም።

"የአንተስ ርስት የት ነው?"

"የለኝም። ደመወዝ ነው ያለኝ።"

"አንዲት ማሳም?"

"አንዲት ማሳም።"

ከጓዳ ሳቅ ተሰማ። እሳቸው ግን አዘኑልኝ። "ፈረንጁ ባሕር ሙሉ አለው፣ ይህ ምስኪን ድንች መትከያ እንኳ የለው!" ጥቂት አሰቡ። "ደግ ነው። ርስት ያለው አማች ሲካሰሰኝ ይኖራል፤ ይኸኛው በምን አፉ! ሰጥቻለሁ።"

ሌላው ባለው ይዳራል፤ እኔ በሌለኝ ተዳርሁ። ጉልበታቸውን ሳምሁና ካርታዬን ልጠቀልል ጎንበስ ስል እጄን ያዙኝ።

"ተወው፤ እዚህ ይሰቀል። ለኪዎቹ የመጡ ቀን፣ ጨዋ ሰው እንዴት እንደሚሠራ አሳያቸዋለሁ።"